ጌሙን ፖዝ አድርጋችሁ ስትመለሱ ክራሽ ያደርጋል? ግራፊክስ ካርዱን ከመቀየራችሁ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትጫወቱበት ምንም አይልም። ጌሙን ፖዝ አድርጋችሁ ለሃያ ደቂቃ ዞር ስትሉ ግን ነገር ይበላሻል። ስትመለሱ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ወይም ጌሙ ተዘግቶ የስህተት መልእክት ይጠብቃችኋል። ወይም ሙዚቃው እየተሰማ ምስሉ ደርቆ ቀርቷል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ካርዱ አለቀለት» ብሎ ሌላ ለመግዛት ይነሳል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ሙሉ ጉልበቱን አውጥቶ ለሰዓታት የሚሠራ፣ ሲያርፍ ብቻ የሚያስቸግር ካርድ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ወደ እረፍት ሲገባ ወይም ከእረፍት ሲነሳ ነው። እዚያ ቅጽበት ላይ ደግሞ ከካርዱ ሌላ ብዙ ነገር ይሳተፋል፦ ድራይቨሩ (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር)፣ ሞኒተሩ፣ ኬብሉ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፓወር ሰፕላዩ። ስለዚህ ሥራችን የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

መመሪያው ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላለው ዴስክቶፕ ነው። ስለ ላፕቶፕ መጨረሻው አካባቢ ትንሽ እላለሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ሴቲንግ ብቻ ቀይሩ። አምስቱን በአንድ ማታ ቀይራችሁ ችግሩ ቢጠፋ፣ የትኛው እንዳጠፋው አታውቁም። ከወር በኋላ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ካርዱ «ሲያርፍ» ምን ይሆናል?

ግራፊክስ ካርድ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት አይሠራም። ጌም ላይ 2000 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ የኤንቪዲያ ካርድ ሥራ ሲያጣ ብዙ ጊዜ ወደ 210 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። ሜሞሪው ወደ 405 ሜጋኸርዝ ይወርዳል። ቮልቴጁም አብሮ ይቀንሳል። ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ራሱ ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ይገባል። ማውሱን ነካ ስታደርጉ ይሄ ሁሉ በቅጽበት ወደ ላይ መመለስ አለበት።

ዊንዶውስ ደግሞ ቲዲአር የሚባል ጠባቂ አለው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የነበረ ነው። ካርዱ የተሰጠውን ሥራ ይዞ 2 ሰከንድ ያህል ዝም ካለ፣ ዊንዶውስ ካርዱን ሪሴት አድርጎ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ዴስክቶፑ በዚህ ይተርፋል። ጌሙ ግን ካርዱ ላይ ያስቀመጠው ነገር ሁሉ ስለሚጠፋበት አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል። ይሄ በ60 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ከተደጋገመ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል።

ኢንተርኔት ላይ «ሬጅስትሪ ገብታችሁ የ2 ሰከንዱን ገደብ ወደ 10 አሳድጉት» የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ። እኔ አልመክርም። ማይክሮሶፍት ራሱ እነዚህ ሴቲንጎች ለሙከራ እና ለምርመራ ብቻ እንደሆኑ ይናገራል። ካርዱ መልስ ያልሰጠበትን ምክንያት አይነኩትም፤ የደረቀውን ስክሪን ረዘም ላለ ጊዜ እንድታዩት ብቻ ነው የሚያደርጉት።

ደረጃ 1፦ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን መጀመሪያ ይሄን ሞክሩ

የፓወር ቁልፉን ተጭናችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫኑ። ይሄ የግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳል። ቢፕ የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ ስክሪኑም ብልጭ ይላል። ምስሉ ከተመለሰ ኮምፒውተሩ በሕይወት ነበር ማለት ነው፤ የጠፋው በካርዱ እና በሞኒተሩ መካከል ያለው ግንኙነት ወይም የድራይቨሩ ሥራ ሊሆን ይችላል። ይሄ ትልቅ መረጃ ነው፤ ጻፉት። ምንም ካልተለወጠ ደግሞ ካፕስ ሎክን ተጫኑ። ኪቦርዱ ላይ ያለችው መብራት የምትበራ የምትጠፋ ከሆነ ሲስተሙ አሁንም እየሠራ ነው። መብራቷ ካልተነቃነቀች ሁሉም ነገር ሃንግ አድርጓል።

ችግሩ እስኪፈታ ድረስ ፖዝ ከማድረጋችሁ በፊት ሴቭ ማድረግ አትርሱ።

ደረጃ 2፦ በትክክል መቼ እንደሆነ እወቁ

አብዛኛው ሰው ይሄን ደረጃ ይዘለዋል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍን ከኤክስ ጋር ተጫኑና «ኢቨንት ቪወር» የሚለውን ክፈቱ፤ ዊንዶውስ ስህተቶችን ከነሰዓታቸው የሚመዘግብበት ነው። በግራ በኩል «ዊንዶውስ ሎግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም» ግቡ። ቀይ እና ቢጫ ምልክት ያላቸውን ብቻ እዩ፤ ሰዓታቸውን ከራሳችሁ እንቅስቃሴ ጋር አስተያዩ።

ለምሳሌ የኮምፒውተሩ ሰዓት 20፡40 ላይ ተነሳችሁ እንበል። ሞኒተሩ በ10 ደቂቃ እንዲጠፋ ተደርጓል። 21፡05 ላይ ተመለሳችሁ። አሁን ሎጉ ላይ ቁጥሩ 4101 የሆነ መልእክት አገኛችሁ። ሰዓቱ 20፡50 ከሆነ፣ ነገሩ የተበላሸው ሞኒተሩ ሲጠፋ ነው። 21፡05 ከሆነ እናንተ ስትቀሰቅሱት ነው። 20፡57 ከሆነ ደግሞ ማንም ሳይነካው፣ ዝቅ ባለ ፍጥነት ላይ እያለ ነው። እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል፦ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከደረጃ 3፣ ለሦስተኛው ከደረጃ 4 ጀምሩ።

የምትፈልጓቸው ቁጥሮች ብዙ አይደሉም። 4101 ማለት ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ እንደገና ተነስቷል ማለት ነው። በኤንቪዲያ ካርድ «ኤን ቪ ኤል ዲ ዲ ኤም ኬ ኤም» በሚል ስም 14 ወይም 153 ቁጥር ካያችሁም ካርዱ ወይም ድራይቨሩ ስህተት መዝግቧል። «ከርነል ፓወር» 41 ማለት ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። የፓወር ቁልፉን ተጭናችሁ እናንተ ራሳችሁ ያጠፋችሁት ጊዜም ይመዘገባል፤ ስለዚህ እሱን አይታችሁ ብቻ አትደንግጡ። «ዊያ ሎገር» የሚል ካለ ከሃርድዌር የመጣ ስህተት ነው። እዚያ ውስጥ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚል ቃል ካያችሁ ወደ ደረጃ 7 ዝለሉ።

ጌሙ ራሱ የሚያሳየው መልእክትም ይጠቅማል። «ዲቫይስ ሪሙቭድ» የሚለው ሰውን ያስደነግጣል፤ ካርዱ ተነቅሏል የሚል ስለሚመስል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከላይ ያልነው ሪሴት ተካሂዶ ጌሙ ካርዱን አጣው ማለት ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ሞኒተሩን ከጨዋታው አውጡት

«ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ፓወር» ግቡ። ስክሪኑ የሚጠፋበትን እና ኮምፒውተሩ ስሊፕ የሚገባበትን ጊዜ ሁለቱንም «ኔቨር» አድርጉ። ከዚያ እንደወትሮው ጌሙን ፖዝ አድርጋችሁ ተዉት። ይሄ ለመፈተሽ ብቻ ነው። በተለይ ኦሌድ ሞኒተር ካላችሁ የቆመ ምስል ለረጅም ጊዜ እንዳትተዉበት፤ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ሊቀር ይችላል።

ችግሩ በዚህ ከጠፋ፣ ስክሪኑን ብቻ ወደ 5 ደቂቃ መልሱና ስሊፕን «ኔቨር» ላይ ተዉት። ተመልሶ ከመጣ ጥፋቱ ሞኒተሩ ሲጠፋ እና ሲበራ የሚፈጠር ነው። ካልመጣ ጥፋቱ ስሊፕ ነው።

የሞኒተር ከሆነ ኬብሉን እዩ። ዲስፕሌይፖርት የሚጠቀሙ ብዙ ሞኒተሮች ሲያንቀላፉ ለዊንዶውስ «ተነቅያለሁ» ይሉታል። ምልክቱን በጆሮ እና በዓይን ትይዙታላችሁ። ስክሪኑ ሲጠፋ ዩኤስቢ ስትነቅሉ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ስትመለሱ ደግሞ ክፍት የነበሩ መስኮቶች ቦታቸውን ለቀው አንድ ጥግ ላይ ተከማችተው፣ አንዳንዴም ተኮማትረው ታገኟቸዋላችሁ። ጌሙ «ፉልስክሪን» ላይ ከነበረ የሚስልበት ስክሪን በድንገት ጠፋበት ማለት ነው። አንዳንድ ጌም ይሄን ይችላል፤ አንዳንዱ አይችልም።

መጀመሪያ ጌሙን ወደ «ቦርደርለስ» ቀይሩት፤ ምንም ወጪ የለውም። ቀጥሎ የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ ክፈቱና «ዲፕ ስሊፕ» ወይም «አውቶ ሶርስ» የሚል ነገር ካለ አጥፉ። ከዚያ በኤችዲኤምአይ ኬብል ሞክሩ። በኤችዲኤምአይ ከተስተካከለ ካርዱ ብዙውን ጊዜ ነፃ ነው። የዲስፕሌይፖርት ኬብሉን በተሻለ ቀይሩ፤ ወይም የሞኒተሩ ሪፍሬሽ ሬት ካልቀነሰባችሁ ኤችዲኤምአዩ ላይ ቆዩ።

ስሊፕ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፦ ጌም ክፍት ሆኖ ኮምፒውተር ስሊፕ ማስገባት ጥሩ ልማድ አይደለም። ብዙ ጌም ለዚህ ተብሎ አልተሠራም። ጌሙ ዝግ ሆኖ እንኳ ከስሊፕ ሲነቃ ችግር ካለ ግን ድራይቨር ወይም ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ማዘርቦርዱን የሚያስነሳው ሶፍትዌር) ነው፤ ቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ ኃይል ቆጣቢዎቹን አንድ በአንድ አጥፉ

«ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» ግቡ። ከምትጠቀሙበት ፕላን ጎን ያለውን «ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ቼንጅ አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ» ክፈቱ። «ፒሲአይ ኤክስፕረስ» በሚለው ስር «ሊንክ ስቴት ፓወር ማኔጅመንት» አለ። «ኦፍ» አድርጉት። ይሄ መስመሩ ሥራ ሲፈታ እንዳያንቀላፋ ያደርገዋል። በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ይሄ ምርጫ አይታይም፤ ካልታየ እለፉት።

እሱ ካልረዳ ወደ ካርዱ ሴቲንግ ሂዱ። ኤንቪዲያ ከሆነ በ«ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ማኔጅ ስሪዲ ሴቲንግስ» ክፈቱ። «ፕሮግራም ሴቲንግስ» ላይ የሚያስቸግረውን ጌም ምረጡና «ፓወር ማኔጅመንት ሞድ» የሚለውን «ፕሪፈር ማክሲመም ፐርፎርማንስ» አድርጉ። ለሁሉም ፕሮግራም አታድርጉት፤ ካርዱ ዴስክቶፕ ላይም ያለ ምክንያት ይሞቃል፣ መብራትም ይበላል። ኤኤምዲ ከሆነ «አድሬናሊን» በሚባለው የካርዱ ፕሮግራም ውስጥ «ራዲዮን ቺል»ን አጥፉ። ይሄ ማውስና ኪቦርድ ሳይነኩ ሲቀሩ የጌሙን ፍጥነት ዝቅ የሚያደርግ ነው።

«ፋስት ስታርትአፕ»ንም እዚያው ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ «ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ» ከሚለው ገብታችሁ አጥፉት። እሱ እያለ «ሻት ዳውን» ስትሉ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የድራይቨሩን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ያነሳዋል። የተበላሸ ሁኔታ ከነበረም አብሮ ይነሳል።

ደረጃ 5፦ ኦቨርክሎክ እና አንደርቮልት

በ«አፍተርበርነር» ወይም በሌላ ፕሮግራም የካርዱን ፍጥነት ጨምራችሁ (ኦቨርክሎክ) ወይም ቮልቴጁን ቀንሳችሁ (አንደርቮልት) ከሆነ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መልሱት። «ስትረስ ቴስት ለሁለት ሰዓት አልፏል» የሚል ማስረጃ እዚህ አይሠራም። ስትረስ ቴስት ካርዱን አናት ላይ ይዞ ያቆየዋል፤ የላይኛውን ቮልቴጅ ብቻ ነው የሚፈትሸው። የእናንተ ችግር ያለው ከታች ወደ ላይ ሲወጣ መሃል ላይ ነው። የቮልቴጅ መስመሩን ዝቅ ያደረገ ሰው በተለይ ይሄን ያስብ፤ ካርዱ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያልፍባቸው መካከለኛ ነጥቦች በቂ ቮልቴጅ ላይኖራቸው ይችላል።

የራም ፍጥነትም እንደዚሁ ነው። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥኑ ሴቲንጎች) በርቶ ከሆነ ለሁለት ሦስት ቀን አጥፍታችሁ ሞክሩ። ራም ሲሳሳት ስሙ የሚጠፋው የግራፊክስ ድራይቨሩ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

በነገራችን ላይ ዲስኮርድ፣ ስቲም እና የካርዱ ፕሮግራም ጌሙ ላይ የሚደርቡትን ኦቨርሌይ እንዲሁም የመብራት ቀለም መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞችን ዝጉና አንድ ጊዜ ሞክሩ። ደቂቃ አይፈጅም።

ደረጃ 6፦ ድራይቨሩን ከሥሩ አጽዱ

አዲሱን ከላይ መጫን ብቻ አይበቃም። «ዲዲዩ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አሮጌውን ድራይቨር ጠራርጎ ያጠፋል። ቅደም ተከተሉ ግን አስፈላጊ ነው።

መጀመሪያ አዲሱን ድራይቨር አውርዳችሁ አስቀምጡ። የኤንቪዲያው ከ500 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ፓኬጃችሁን አስቀድማችሁ እዩ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ካለቀ ያለ ድራይቨር ትቀራላችሁ። ሁለተኛ፣ ዲስካችሁ በ«ቢትሎከር» የተቆለፈ ከሆነ የሪከቨሪ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ አስፈላጊውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት ሁኔታ) ስትገቡ ሊጠየቅ ይችላል። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔቱን ንቀሉ። ካልነቀላችሁት ዊንዶውስ አፕዴት መሃል ገብቶ የራሱን ድራይቨር ይጭናል። ከዚያ ሺፍትን ይዛችሁ «ሪስታርት» በሉ፤ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ «ሪስታርት»፣ መጨረሻ ላይ 4ን ተጫኑ። ሴፍ ሞድ ውስጥ ዲዲዩን ከፍታችሁ የካርዳችሁን ዓይነት ምረጡና «ክሊን ኤንድ ሪስታርት» በሉ። ሲነሳ ያወረዳችሁትን ድራይቨር ጫኑ።

አዲሱ ሁልጊዜ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። በኤፕሪል 2025 ኤንቪዲያ ያወጣው 576.02 ድራይቨር ኮምፒውተሩ ከስሊፕ ሲነቃ የካርዱን ሙቀት የሚከታተሉ ፕሮግራሞች ማንበብ እንዲያቆሙ ያደርግ ነበር፤ ኩባንያው በ576.15 አስተካከለው። ስለዚህ ችግሩ የጀመረው አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ደህና የሚሠራ ቁጥር ፈልጋችሁ መልሱ።

ደረጃ 7፦ መያዣውን ክፈቱ

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የፓወር ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ። ካርዱን አውጥታችሁ አቧራውን አጽዱና በደንብ ቀጭ እስኪል መልሱት። ከማዘርቦርዱ ሶኬት እስከ 75 ዋት፣ ከእያንዳንዱ ባለ 8 ፒን ገመድ እስከ 150 ዋት ነው የሚወስደው። ካርዱ ሁለት ባለ 8 ፒን የሚፈልግ ከሆነ ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ስጡት፤ አንዱን ባለ ሁለት ራስ ገመድ አትጠቀሙ።

ካርዱን ቀጥ አድርጎ ለመትከል ራይዘር ኬብል (ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኝ ማራዘሚያ) የምትጠቀሙ ከሆነ እሱን መጀመሪያ ጠርጥሩት። ለፒሲአይ ኤክስፕረስ 3ኛ ትውልድ (ጄን 3) የተሠራ ራይዘር ላይ የ4ኛ ትውልድ ካርድ ስታስገቡ ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ደህና ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ ሊሳሳት ይችላል። ባዮስ ውስጥ ካርዱ የተሰካበትን ሶኬት ፍጥነት ከ«አውቶ» ወደ «ጄን 3» ዝቅ አድርጉ። ብዙ ጌም ላይ የሚጠፋው ፍጥነት ጥቂት ነው። በዚህ ከዳነ ያለ ራይዘር ሞክሩ።

ባዮስ ውስጥ እያላችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። በ2017 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ሥራ ሲፈቱ የሚወስዱት ኃይል በጣም ስለሚያንስ ከአንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ጋር አይስማሙም ነበር። ለዚህ «ፓወር ሰፕላይ አይድል ኮንትሮል» የሚል ሴቲንግ አለ፤ «ቲፒካል ከረንት አይድል» አድርጉት። 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ኢንቴል ያላችሁ ደግሞ ባዮሱን የግድ አፕዴት አድርጉ። ኢንቴል በ2024 እንዳረጋገጠው አንዳንዶቹ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን ይጎዱ ነበር፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ደግሞ ሥራ ፈተው ሳለ የሚጠይቁት ነው። የተጎዳ ፕሮሰሰር ጌም ላይ «የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» የሚል መልእክት ሊያመጣ ይችላል። ስንቱ ሰው በዚህ ተታሎ ጤነኛ ካርድ ቀይሯል! አፕዴቱ ጉዳት ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም። ኢንቴል ለነዚህ ፕሮሰሰሮች ዋስትናውን በ2 ዓመት አራዝሟል።

ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ እና ሎጉ ላይ ከ41 በቀር ምንም ከሌለ፣ የዋይፋይ ራውተሩን እዩ። እሱም በዚያው ሰዓት ጠፍቶ ከተነሳ የመብራት መቆራረጥ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ክልል ላይ ላለን ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዩፒኤስ ያስፈልጋችኋል። ራውተሩ ካልጠፋ ፓወር ሰፕላዩን ከጓደኛ ተውሳችሁ ቀይራችሁ ሞክሩ።

ላፕቶፕ ላይ

ብዙ የጌም ላፕቶፕ ሁለት ግራፊክስ አለው፤ ሥራ ሲጠፋ ትልቁ ካርድ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ተጫወቱ፤ ጌም ክፍት ሆኖ ክዳኑን አትዝጉ። ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ወስዳችሁ ሞክሩ፤ የሁለቱንም ግራፊክስ፣ የትልቁን ብቻ ሳይሆን። ደረጃ 7 ላይ ያለውን መፍታት እና መግጠም ለባለሙያ ተዉት።

ካርዱ በእርግጥ ጥፋተኛ የሚሆነው መቼ ነው?

ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ወስዳችሁ ተመሳሳይ ነገር ሲያደርግ። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ወይም የተሰባበረ ምስል ሲታይ፣ በተለይ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ። ከጊዜ በኋላ እየተጫወታችሁም መውደቅ ሲጀምር። ያኔ ዋስትና ካለው ወደ ሻጩ ውሰዱት፤ ሙሉ ኮምፒውተሩን ባትወስዱም የኢቨንት ቪወሩን ገጽ ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። የድራይቨሩን ቁጥር፣ የሞከራችሁትን ኬብል እና ካርዱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ምን እንዳደረገ ጽፋችሁ ያዙ። ሻጩ ካርዱን ሰክቶ አሥር ደቂቃ ጌም ካጫወተው በኋላ «ምንም የለውም» ሊላችሁ ይችላል። ጌሙን ፖዝ አድርጎ፣ ስክሪኑ እስኪጠፋ ትቶ፣ ከዚያ እንዲቀሰቅሰው ጠይቁት።